እርጥቡን እህል ከላይ አድርጉት

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ የአንዲት ላም ጉዳይ ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ ላም ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የላሚቱ ነገር የገንዘብ ነገር ነው፤ የገንዘቡም ነገር የአማና ነገር ነው። አማና የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ገበያውም ጉርብትናውም ይፈርሳል።

በዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ ከግቢያቸው ጀርባ ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አስረው ወተት እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። ሦስተኛ ላም ለመግዛት ብድር ጠየቁ። አበዳሪው «ላሚቱ ኢንሹራንስ ካልገባች ብድሩ አይለቀቅም» አላቸው። እሺ አሉ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ላሚቱን አያት፤ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ተሰካ፤ ዓረቦኑ ተከፈለ፤ ወረቀቱ ተፈረመ። ወኪሉም ሲሰናበት «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍዎን ይተኙ» አላቸው።

በ19ኛው ቀን ላሚቱ መኖ አልቀምስም አለች። በ21ኛው ቀን ሞተች። ጎረቤቴ የጆሮዋን ቁጥርና የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮው ቢሄዱ «በበሽታ ለሚደርስ ሞት ውሉ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው» ተባሉ። እውነትም ተጽፏል። በሦስተኛው ገጽ፣ ከታች፣ ለዓይን በሚያስቸግር ፊደል ተጽፏል። ላሚቱ ሄደች፤ ዕዳው ቀረ።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ነገር ብቻ አይደለምና። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሴትየዋ የተናገሩት ቃል ነው። «ልጄ፣ አለመክፈላቸው አይደለም ያቃጠለኝ። ያን ቀን 'ሠላሳ ቀን ይጠብቁ' ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍም ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

በማንኛውም የእንስሳት ኢንሹራንስ ውስጥ ሁለት ዝምተኛ አንቀጾች አሉ። አንደኛው የመቆያ ጊዜ ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሎ ውሉ ገና ሥራ ያልጀመረበት ቀን ማለት ነው። ሁለተኛው ውሉ የማይሸፍናቸው ነገሮች ዝርዝር ነው፤ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም፣ እርጅና፣ ክትባት ባለመከተብ የመጣ በሽታ፣ ባለቤቱ በቸልታ ያደረሰው ጉዳት፣ ሌላም ሌላም። ወኪሉ ስለሚከፈለው ሲያወራ ምላሱ አይደክምም። ስለ እነዚህ ሁለቱ ግን ወረቀቱ እንጂ አፉ አይናገርም።

ፍትሐዊ እንሁንና እነዚህ አንቀጾች በራሳቸው ግፍ አይደሉም። አንድ መቶ ሰዎች ለአንድ መቶ ላሞች በነፍስ ወከፍ 4,000 ብር አዋጡ እንበል። ተሰብስቦ 400,000 ብር ይሆናል። የአንዲት ላም ዋጋ 100,000 ብር ቢሆንና በዓመት ሦስት ላሞች ቢሞቱ ሣጥኑ 300,000 ብር ከፍሎ ይተርፈዋል። አሁን ደግሞ ላማቸው በጋጥ ውስጥ እያቃሰተች ያሉ አምስት ሰዎች ሮጠው መጥተው ዛሬ ከፍለው ነገ ካሣ ቢጠይቁ፣ ሣጥኑ 420,000 ብር ይዞ 800,000 ብር ሊከፍል ነው። ሣጥኑ ተገለበጠ ማለት ነው! የተጎዱትም ኩባንያው ብቻ ሳይሆን እነዚያ በእውነት የገቡት አንድ መቶ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የመቆያ ጊዜ ማለት ቤቱ እየተቃጠለ ውኃ ሊገዛ የመጣውን ሰው የሚያቆም በር ነው። በሩ መኖሩ ልክ ነው። ጥያቄው በሩ ለምን በመጋረጃ ተሸፈነ የሚል ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ዕድራችንን እንመልከት። አዲስ ሰው ዕድር ሲገባ መግቢያ ይከፍላል። በብዙ ዕድሮችም የተወሰኑ ወራት እስኪሞሉት ድረስ እንደ ነባሩ አባል አይታይም። ለየትኛው ዘመድ ሙሉ፣ ለየትኛው ግማሽ እንደሚሰጥ፣ ለየትኛውም ምንም እንደማይሰጥ በደንቡ ተዘርዝሯል። ይህ የመቆያ ጊዜ ካልሆነ፣ ይህ «የማይሸፈን» ካልሆነ ምንድን ነው? ታዲያ ዕድር «አታለለኝ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው ለምን አይበዛም? ደንቡ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ስለሚነበብ ነው። ዳኛው ፊት ለፊት «እስከዚህ ወር ድረስ አይመለከትህም» ስለሚለው ነው። ያልተማረው ሰው ጸሐፊውን ጠይቆ፣ ጎረቤቱን ጠይቆ ስለሚረዳ ነው። እንግዲህ ያው ደንብ ነው፤ አንዱ በአደባባይ ይነገራል፣ ሌላው በሦስተኛ ገጽ ይቀበራል። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ይኸው ልዩነት ግን የሐቅና የማታለል ልዩነት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ከተከመረ እህል ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት እንደነካው፣ ባለ እህሉም ዝናብ መትቶት መሆኑን እንደነገራቸው፣ እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው አታላይን ከወገናቸው እንዳልቆጠሩት የማናውቅ የለንም። ልብ በሉ፤ ወቀሳው እህሉ ዝናብ ስላገኘው አልነበረም። ዝናብ የአላህ ነው። ወቀሳው እርጥቡ ከሥር፣ ደረቁ ከላይ መሆኑ ነው። የኢንሹራንሱም ውል እንዲሁ ነው። የመቆያው ቀን እርጥቡ እህል ነው፤ የማይሸፈኑት ነገሮች እርጥቡ እህል ናቸው። ሽጡት፣ ከላይ አድርጋችሁ ግን ሽጡት!

«ይህ ሁሉ ለገጠሬና ላልተማረ ሰው ማስረዳት አይቻልም» የሚል ምክንያት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህ ሐሰት መሆኑን የሚያሳይ ምስክር እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በቦረና ለአርብቶ አደሮች የከብት ኢንሹራንስ መሸጥ ጀመረ። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት ተሞክሮ ነበር። የቦረናው ውል ከጎረቤቴ ውል ይልቅ እጅግ የከበደ ነበር። በዚያ ውል ከብት አይቆጠርም፤ ሬሳም አይታይም። ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ የአካባቢው ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በዚያ አካባቢ ለተመዘገበ ሁሉ ይከፈላል። ልምላሜው ካልወረደ ግን የአንድ ሰው ከብት በበሽታ ቢያልቅ፣ በዘራፊ ቢነዳ፣ በአውሬ ቢበላ ክፍያ የለም። በአንጻሩ አንድም ከብት ያልሞተበት ሰው ካሣ ሊያገኝ ይችላል።

የመቆያ ጊዜም ነበረው፤ ስሙ ብቻ ሌላ ነበር። ውሉ የሚሸጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዝናቡ ወቅቶች በፊት ነበር፤ አንደኛው ነሐሴና መስከረም አካባቢ፣ ሁለተኛው ጥርና የካቲት አካባቢ። ዝናቡ መቅረቱ ከታወቀ በኋላ «አስገቡኝ» የሚል ሰው አይገባም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ለአንድ አርብቶ አደር እንዴት ይነግሩታል? ሞክረዋል! በድራማ የተቀዳ ካሴት አዘጋጅተው አሰሙ፤ በሥዕል የተሞላ መጽሔት አሳትመው አደሉ። ሁሉም ተረዳ አልልም፤ ሁሉም ገዛም አልልም። ነገር ግን የሳተላይትን ነገር በካሴት ማስረዳት የተሞከረበት አገር ውስጥ «ለበሽታ ሠላሳ ቀን ይጠብቁ» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለዘነበወርቅ እናት መናገር ከበደ ቢሉኝ እንዴት ብዬ ልመን?

ማስረዳቱ ለምን የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ የኋላው ዘመን አሳይቶናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ መንጋዎች በሙሉ አለቁ። በቦረና ዘንድ ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሣው ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደኸይ ማን ለማን ያዋጣል? ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ስለዚህ እኔ ኢንሹራንስ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። በሶማሌ ክልልም የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 በሳተላይት ላይ የተመሠረተ ተመሳሳይ ዋስትና ለ5,000 አባወራዎች መጀመሩ በጎ ሥራ ነበር። እኔ የምለው፣ አንድ ሰው የማያውቀውን ውል ተደግፎ ወደ ክፉ ቀን ከገባ፣ ውል ከሌለው ሰው ይልቅ ይጎዳል ነው። ውል የሌለው ሰው ቢያንስ ሁለት ላም ሸጦ እህል ይገዛል። «ካሣ ይመጣልኛል» ብሎ የተቀመጠው ግን ላሙንም ካሣውንም ያጣል።

እስቲ አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግረን እንመልከት። በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች ለውሻቸውና ለድመታቸው ኢንሹራንስ ይገባሉ። በስዊድን የመጀመሪያው የውሻ ውል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1982 ላሲ ለምትባለው የቴሌቪዥን ውሻ ውል ተጽፎ ነበር። እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ልጆቻቸው ድመት ሲያመጡ ይህንኑ ውል ይገዛሉ። እዚያም ያው ለቅሶ ነበር፤ ከፍለው፣ ድመቷ በሁለተኛው ሳምንት ታማ፣ «የመቆያ ጊዜው አላለፈም» ወይም «ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ነው» ይባሉ ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? የአሜሪካ ግዛቶች የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ለግዛቶቹ አርአያ የሚሆን ሕግ አወጣ። ለአደጋ የመቆያ ጊዜ ማድረግ አይፈቀድም፤ ለሕመም ቢሆን ከ30 ቀን አይበልጥም፤ እንስሳው በሐኪም ከታየ የመቆያ ጊዜው ሊነሣ ይገባል፤ የመቆያ ጊዜውም ሆነ የማይሸፈኑት ነገሮች ገዢው ከመግዛቱ በፊት በግልጽ ሊነገሩት ይገባል፤ «ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ነው» የሚል ኩባንያ ማስረጃውን ራሱ ያምጣ ይላል። በሕንድ ገጠር ደግሞ ለላምና ለጎሽ በሚሸጠው ኢንሹራንስ «የጆሮ ምልክት ከሌለ ካሣ የለም» የሚለው ደንብ ለገበሬው ሁሉ የታወቀ ነው። ደንቡ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ግን የተደበቀ አይደለም።

አንባቢያን ሆይ! ፍረዱ። በሶፋ ላይ ለምትተኛ ድመት ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ የአንድ ቤተሰብ ቁርስ፣ የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ የተንጠለጠለባት ላም ምን ያህል ጥንቃቄ ይገባታል? የጎረቤቴ ላም በሐኪም ታይታ ነበር። ጤነኛ ናት ተብሎ ተፈርሞላት ነበር። ሐኪሙ አይቶ ካጸደቃት በኋላ ሠላሳው ቀን ለምን አስፈለገ? አስፈላጊ ነው ቢባል እንኳ ዓረቦኑ የተከፈለው ለዓመት ሙሉ ነው። ለበሽታ ሞት ግን ሽፋኑ አሥራ አንድ ወር ብቻ ነበር። የጎደለው ወር ዋጋ የት ገባ?

«ፈርመዋል» ይሉናል። አዎን፣ ፈርመዋል። ነገር ግን የአገራችን ሕግ ራሱ ፊርማን ብቻ አያመልክም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1686፣ አንዱ ተዋዋይ ለንግዱ አስቀድሞ ያዘጋጃቸው አጠቃላይ ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት ይኸው ሰው አውቋቸው የተቀበላቸው እንደሆነ፣ ወይም በመንግሥት ባለ ሥልጣን የተወሰኑ ወይም የጸደቁ እንደሆነ ነው ይላል። አውቆ መቀበል! ማወቅና መቀበል ሁለት ነገሮች ናቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሦስተኛ ገጽ ማቅረብ ማሳወቅ ነውን? አፍ መፍቻው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ለሆነ ሰው በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ ውል ማስፈረም ማሳወቅ ነውን?

እዚህ ላይ የራሳችንንም ወገን ልነካ ነውና አትቀየሙኝ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ ብዙዎቻችን «አልሐምዱ ሊላህ፣ ከወለድና ከገረር የጸዳ መተጋገዣ አገኘን» ብለን ተደስተናል። ደስታው ተገቢ ነው። በኬንያ ዋጂር ተካፉል ለአርብቶ አደሮች የከብት ዋስትና ሸጦ እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ካሣ ሲከፍል እኛም ሰምተን ተደስተናል። ነገር ግን በተካፉልም ውስጥ የመቆያ ጊዜ አለ፤ የማይሸፈን ነገር አለ፤ ሊኖርም ግድ ነው። የአረብኛ ስም እርጥቡን እህል አያደርቀውም። እንዲያውም ገረር ማለት የነገሩ አለመታወቅ፣ ድፍንፍን ማለት አይደለምን? አባሉ መቼ እንደሚጀምርለትና ምን እንደማይከፈለው ሳያውቅ የፈረመበት ተካፉል ስሙን ብቻ ነው ያጸዳው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እርጥቡን ከላይ በማድረግ አርአያ መሆን የሚገባው ተካፉል ነው።

ለገዢውም የምለው አለኝ። ላሟ ስታስል እያየ «ደህና ናት» ብሎ የሚያስመዘግብ፣ የአንዷን ላም የጆሮ ቁጥር ለሌላዋ የሚሰካ ሰው እርሱም እህል አርጣቢ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 667 ውል ገቢው የሚያውቀውን ሁኔታ ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድደዋል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። እነዚያን ሠላሳ ቀኖች ካመጡብን ምክንያቶች አንዱ የእኛው ውሸት መሆኑን አንካድ። ነገር ግን ሕጉ ገዢውን «የምታውቀውን ሁሉ ተናገር» ካለው ሻጩስ የሚያውቀውን ሁሉ ሊናገር አይገባውምን? እውነት በአንድ ወገን ብቻ ግዴታ ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወኪሉ ከሚከፈለው በፊት የማይከፈለውን ይናገር። የመቆያው ቀን በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ በደረሰኙ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ «ከ30 ቀን በኋላ» ሳይሆን «ከጥቅምት 12 ጀምሮ» ተብሎ፣ ቀን ተቆጥሮ ይጻፍ። የማይሸፈኑት ነገሮች በመጀመሪያው ገጽ፣ በገዢው ቋንቋ፣ በሌሎቹ ፊደሎች ልክ ይታተሙ፤ ማንበብ ለማይችልም በምስክር ፊት ይነበቡለት። በሐኪም የታየችና ጤነኛ የተባለች እንስሳ የመቆያው ጊዜ ይነሣላት፤ ካልተነሣላትም ውሉ በዚያው ልክ ይራዘምላት። ብድር ሰጥቶ ኢንሹራንስ የሚያስገድድ አበዳሪም በመቆያው ጊዜ ውስጥ ላሚቱ ብትሞት ዕዳው እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ይናገር፤ ግዴታውን ያመጣው እርሱ ነውና። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ይህን ማዘዝ አይከብደውም። ለሣጥኑም የሚያጎድልበት የለም፤ የሚጎድለው በዝምታ የሚገኘው ሽያጭ ብቻ ነው።

እናንተም ወገኖቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። «ከየትኛው ቀን ይጀምራል? የማይከፈለኝ መቼ መቼ ነው? ስትሞት ምን ማስረጃ፣ በስንት ቀን ውስጥ ላምጣ? ካልከፈላችሁኝ ለማን አቤት እላለሁ?» በሉ። ማፈር የለም። ወኪሉ መልሱን ካላወቀ ብዕሩን መልሱለት።

ዘነበወርቅ መገለልን የሚያውቅ ሰፈር ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየትውልድ ቀያቸው ተገፍተው መጥተው፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ አሳድገው ያቀኑት ሰፈር ነው። አባቶቻቸው «አንተ አትመለከተንም» የሚለውን ቃል ፊት ለፊት ሰምተው ችለውታል። ፊት ለፊት የተነገረ ቃል መራራ ቢሆንም ሰው መንገዱን ያበጅበታል። ፈገግታና የእጅ መጨባበጥ አሳይቶ በሦስተኛ ገጽ ማግለል ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ጎረቤቴ አሁንም በየወሩ ዕዳውን ይከፍላሉ። ሁለቱ ላሞች ይታለባሉ፤ በጋጡ ውስጥ ሦስተኛው ችካል ባዶውን ቆሟል። ባለፈው ሰሞን ሌላ ወኪል በራቸውን አንኳኩቶ ነበር። ገብቶ እንዲቀመጥ ጋበዙት፤ ቡናም አፈሉለት። ስለ ካሣው መናገር ሲጀምር ግን እጃቸውን አነሡና «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ የማትከፍሉትን ንገረኝ» አሉት።

ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ መመሪያ እኔ አላውቅም።